የበሺር እግር በኮምቦልቻ መናኸሪያ

በሺር ግራ እግሩን ያጣው በእሾህ ነው። ከቢስቲማ በላይ ካለው መንደሩ ተነስቶ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ሊያስታርቅ ሲሄድ መንገድ ላይ ወጋው። ነቅሎ ጣለና ጉዞውን ቀጠለ። ስኳር እንዳለበት አያውቅም ነበር። ወንድማማቾቹ የዚያኑ ዕለት ታረቁ፤ ቁስሉ ግን አልታረቅም አለ። እያደር እግሩ ጠቆረ፣ ትኩሳት ጣለው፣ በመጨረሻም ደሴ ወስደውት ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከዚያ በፊት በሺር አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ባልና ሚስት ተኳረፉ ሲባል ቀድሞ የሚደርስ፣ የተጣላ ካለ ጋራ ተሻግሮ የሚሄድ፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ወሬው የማያልቅበት ሽማግሌ። ጨዋታው ስለሚናፍቀው ብቻ ሆን ብሎ የሚጣላ ሰው አለ ይባል ነበር። እግሩ ከሄደ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጃፉ መደብ አልራቀም። በክራንች ልሂድ ቢል መንገዱ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። በአህያ ልሂድ ቢል አህያዋ መንገድ ላይ ጥላው ብቻዋን ገበያ ደርሳ ተመለሰች። ጠበኞችም ሌላ ሽማግሌ ለመዱ።

ይሄኛው ከእግሩም በላይ አንገበገበው። ስለዚህ ከመደቡ ላይ ሆኖ በጩኸት ማስታረቅ ጀመረ። አንድ ቀን ከሸለቆው ማዶ አንድ ጎረቤቱ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማ። ሰውየው "እፈታታለሁ! ዛሬ እፈታታለሁ!" እያለ ይዝታል። በሺር እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ድምፁ "አትፍታት!" ብሎ ጮኸ። ነፋሱ "አት"ን ወሰዳትና ማዶ የደረሰው "ፍታት!" ብቻ ሆነ።

ሰውየው ለበሺር ቃል ትልቅ ክብር ነበረው። "እሱም እንዲህ ካለማ…" ብሎ የሚስቱን ልብስ በፌስታል ያወጣ ጀመር። የበሺር ሚስት ከሪማ ነገሩ ወዲያው ገብቷት ቁልቁል ሮጣ ባትደርስ ኖሮ ያ ትዳር አብቅቶለት ነበር።

ስትመለስ ላቧን እየጠረገች ፊቱ ቆመች።

"አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ ታስታርቅ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ቤት ማፍረስ ጀመርክ?"

"ወላሂ ነፋሱ ነው!"

"ነፋሱን አስሬ አላስቀምጥልህ። እግር ነው የማስገጥምልህ።"

ከሪማ ነገሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሰማች ቆይታለች። ደሴ ውስጥ እግር ለሌለው እግር የሚሠራ ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ለሚሠራውም አያስከፍልም። ባነሳችበት ቁጥር ግን በሺር ይስቅባት ነበር። "እግር የጀሪካን ክዳን መሰለሽ እንዴ የሚገጠም?" ይላታል። የዚያን ቀን አልሳቀም። የማዶውን ቤት ሲያይ ቆየና "በምን እንሄዳለን?" አለ።

ጥያቄስ ጠይቋል። መንደሩ መኪና አይገባውም። ቢስቲማ ለመድረስ ለእግረኛ የግማሽ ቀን ቁልቁለት አለ፤ እግሩን ሊያሠራ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ያ ቁልቁለት በምን ይወረዳል? ከሪማ የቅሬውን አለቃ ሙንዚርን አስጠራች። ቅሬው ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሰው ሲታመም ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርስ የመንደሩ ማኅበር ነው። ለሁለቱም ሥራ ያለው ግን አንድ ቃሬዛ ነው።

"አብሽር በሺር" አለ ሙንዚር፣ "እንደ ሙሽራ ነው የምናወርድህ።"

በማግስቱ ማለዳ ወጡ። ፀሐይዋ ከረር ስትል ከሪማ ለባሏ አዘነችና ነጭ ጋቢ ከራሱ ጀምሮ አለበሰችው። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ቃሬዛ ላይ የተጋደመ፣ በነጭ ጋቢ የተሸፈነ ሰው፤ ከኋላው ደግሞ ድካም ያጎበጣት ሚስት። ለመንገደኛ ምን ይመስላል?

ሁለት አህያ እየነዳ ሽቅብ የሚመጣ ገበሬ ከሩቅ ሲያያቸው አህዮቹን ተወ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለና፣ ማንንም ሳይጠይቅ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ከአንደኛው ሰው ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ሬሳ መሸከም አጅር፣ ከአላህ ዘንድ ምንዳ፣ አለው። ሙንዚር ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት ከጋቢው ሥር የበሺር እጅ ወጣችና ጎኑን ጎነተለችው። ዝም በል ማለቷ ነው። በሺር ምን እንደሚባልለት መስማት ፈልጓል።

"ማን ነው?" አለ ገበሬው።

"በሺር ነው። አስታራቂው" አለ ሙንዚር ሳቁን እንደምንም ውጦ።

"ያ ደግ ሰው! አላህ ይርሐመው! እኔንና አማቼን ያስታረቀን እኮ እሱ ነው!"

ከጋቢው ሥር የእርካታ ትንፋሽ ተሰማ።

"ብቻ…" አለ ገበሬው ጥቂት እንደሄዱ፣ "ሟች አይታማም፣ ግን ሐቁን ለመናገር ሲበዛ ያወራ ነበር። እኔና አማቼ የታረቅነው ዝም እንዲልልን ብለን ነው።"

ጋቢው ተገለጠ። "ማነው ሲበዛ ያወራል ያልከው?" አለ በሺር ቀና ብሎ።

ገበሬው "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ብሎ ጫፉን ለቀቀው። ቃሬዛው ሲያዘነብል በሺር ተንሸራቶ ማሽላ ውስጥ ገባ። ሰውየው ቁልቁል፣ አህዮቹ ሽቅብ ተፈተለኩ። ሰውየውን አሳምኖ መመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ አህዮቹን መመለስ ደግሞ ከዚያ የባሰ። በኋላ በሺርን ከማሽላው አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ ቃሬዛው ላይ ያስተኛው ራሱ ገበሬው ነበር።

"አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።"

"ስለ የቱ? ስላማኸኝ ነው ስለጣልከኝ?"

"ስለጣልኩህ" አለ ገበሬው። "የሌላውንስ ሚስትህ ትፍረድ።"

ከሪማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጋራው ዞራ ነበር።

እንደዚያ እየሆኑ ቢስቲማ ወረዱ፤ ከቢስቲማ በሚኒባስ በሐይቅ በኩል ደሴ ገቡ። ማዕከሉ ደሴ ውስጥ ነው፤ ደሴ ደግሞ ደሴ ስለሆነች ያለው ዳገት ላይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ረዥም የድንጋይ ደረጃ አለው። በሺር ከታች ሆኖ አንጋጦ አየው።

"ይሄን ብወጣማ እዚህ ምን ልሠራ እመጣ ነበር?"

"የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ አባቴ" አለ ወንድምአገኘሁ የሚባለው ጥበቃ እየወረደ። "በጀርባ በኩል የዊልቸር መንገድ ነበረ፤ ክረምቱ ናደው። እየተሠራ ነው።" ይሄን ብሎ ጀርባውን ሰጠና ተንበረከከ። "ይውጡ፣ ይውጡ። ጠዋት እኮ ከእርስዎ በጣም የሚከብድ ሰው አውጥቻለሁ።"

ውስጥ የተቀበለቻቸው ወንጌላዊት የምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። ከጉልበቱ በታች የቀረችውን እግር ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጥሩ ድኗል አለች። እግሩ በልክ ይሠራለታል፤ ከዚያ በፊት ጡንቻው መጠንከር አለበት፤ ከዚያ በኋላ መራመድ ይማራል። ሳምንታት ይፈጃል።

"ችግሩ ማደሪያው ሞልቷል" አለች። "ከሰቆጣም ከአፋርም የመጣ ሰው ተኝቶበታል። አልጋ እስኪለቀቅ መጠበቅ ነው።"

"በቃ፣ አላህ አላለውም" አለ በሺር፣ እንደ ማዘንም እንደ ደስ መሰኘትም ብሎት። "እንመለስ።"

"ምን ይዘን?" አለች ከሪማ። "ዊዳድ ኮምቦልቻ አይደለችም እንዴ?"

ዊዳድ ልጃቸው ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እዚያ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ በየጠዋቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ። ሚኒባስ መያዙ ራሱ ትግል ነበር። ረዳቶቹ ክራንች ሲያዩ "ሞልቷል!" ይላሉ። አንዱማ፣ አሚር የሚባለው፣ ለክራንቹም ካልከፈላችሁ አላለም መሰላችሁ?

"እሺ እከፍላለሁ" አለው በሺር፤ "አንተም ለጎደለው እግሬ ቀንስልኝ።"

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። አሚርም ሳቀና ክራንቹን ተቀብሎ ከወንበር ሥር አስገባው። ከዚያ ቀን በኋላ እነ በሺርን ሲያይ ቦታ የሚይዝላቸው እሱ ሆነ። በምላሹ እስከ ደሴ ድረስ ወሬ መስማት ነበረበት።

በማዕከሉ መጀመሪያ እግሩን በጀሶ ለኩት። ከዚያ ላስቲክ እየሳበ ጡንቻውን ሲያጠነክር ሰነበተ። አንድ ቀን ጠዋት ወንጌላዊት እግሩን ይዛ መጣች። በሺር አገላብጦ አየው። ጣቶች አሉት፤ ጥፍር ግን የለውም። ቀላም ይላል።

"ልጄ፣ ይሄ የከተማ ሰው እግር ነው" አላት።

"የእርስዎ ነው፣ አባ በሺር። በልክዎ ነው የተሠራው።"

"ቀለሙ አማረልህ" አለች ከሪማ። "ሌላውንም እንዲሁ ባደረጉልኝ።"

በሁለት ብረቶች መሀል፣ ከመስታወት ፊት ለፊት አቆሙት። በሺር ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን በሁለት እግር ቆሞ አየ። አፉን ከፈተና ምንም ሳይል ዘጋው። ከሪማ ሐኪም ልትጠራ ምንም አልቀራት፤ ባሏ ዝም ሲል አይታ አታውቅም።

ሲራመድ ግን አንደበቱ ተመለሰ። "ይሄ እግር የጎረምሳ ነው! እኔን ጥሎ ሊሄድ ይፈልጋል!" እያለ ይጮሃል። ወንጌላዊት ከኋላው ወገቡን ይዛ ትከተለዋለች።

"ቀና ይበሉ፣ አባ በሺር። መሬት መሬት አይዩ።"

"ካላየሁት የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?"

"መሬት የትም አይሄድም። እርስዎ ይሂዱ።"

ጎበዝ ተማሪ ወጣው። በብረቶቹ መሀል እየፎከረ ይመላለስ ጀመር። ከብረቶቹ ውጭ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሲለማመድ ሣሩ አዳለጠውና ወደቀ። አጥር ላይ ተደግፈው የሚያዩ መንገደኞች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሲወድቅ የሚሳቅ ሳቅ ነው። በሺር ብድግ ብሎ አብሮ ሳቀ። የዚያን ቀን ሲመለሱ ግን ሐረጎን ጨርሰው እስኪወርዱ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም። ዊዳድ ቤት ሲደርሱ ለከሪማ እንዲህ አላት፦

"እኔ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ነው የኖርኩት። ሰው ፊት እየወደቅሁ ማንን አስታርቃለሁ? ማን ይሰማኛል?"

ከሪማ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

የማሰናበቻው ቀን ደረሰ። ወንጌላዊት እግሩን ራሷ አለበሰችው። "አባ በሺር፣ አያውልቁት። ታስሮ የሚቀመጥ እግር አይለመድም። መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሰው መሀል ይሂዱበት።"

"ኢንሻአላህ" አለ በሺር። መረቃት፤ ምርቃቱም ረዥም ነበር።

ከማዕከሉ ወጥተው ከአስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እግሩን አወለቀው። ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ክራንቹን ያዘ።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለች ከሪማ።

"መንደሬ ገብቼ፣ ቤቴ ጓሮ፣ ሰው ሳያየኝ እለምደዋለሁ።"

"ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ቀን የተንከራተትነው? ጓሮ ልትደብቀው?"

"የኔ እግር ነው፤ የፈለግሁበት አስቀምጠዋለሁ።"

ከሪማ አኮረፈች። ስታኮርፍ ደግሞ ታውቅበታለች። መናኸሪያ ደረሱ፣ የአሚር ሚኒባስ ተገኘ፣ ጆንያው ጣሪያው ላይ ተጫነ። ባልየው በመስኮቱ ወዲያ፣ ሚስትየው በበሩ ወዲህ እያዩ ሐረጎን ወረዱ። ቢነጋገሩ ኖሮ ከሁለት አንዳቸው ያስታውስ ነበር። አልተነጋገሩም። ኮምቦልቻ ሲገቡ ዊዳድ ሠፈር "ወራጅ አለ" አሉና ወረዱ፤ ሚኒባሱም ሄደ።

ዊዳድ በሩን ከፍታ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችው። "አባ፣ እግሩስ?"

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

"አንቺ አልያዝሽውም?" አለ በሺር።

"እኔ አኩርፌ ነበር!"

ዊዳድ ወደ መንገዱ ሮጣ ባጃጅ ስታቆም በሺር ደጁ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። "ያ አላህ!" አለ። "አንድ እግር ሁለት ጊዜ የሚያጣ ሰው እኔን አየሁ!"

መናኸሪያው ውስጥ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። አሚር የጣሪያውን ዕቃ ሲያወርድ ጆንያውን ወደ ታች ወረወረው። ጆንያው ያረፈው ጀዋሂር በምትባል ቲማቲም ሻጭ ሳጥኖች አጠገብ ነው። አፉ ተፈታና አንድ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጣ። ጀዋሂር ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ ሚኒባሱ፣ መናኸሪያው፣ ምናልባትም ቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ ጮኸች።

"የሰው እግር! ሰው አርደው አመጡ!"

ሕዝቡ ግር ብሎ መጣ። የመጣው ሁሉ የቲማቲሙን ሳጥን እየረገጠ ነው የመጣው። አንዱ ፊት ለፊት ያለውን ሲገፋ ሌላው ላለማየት ዓይኑን ሸፍኖ በጣቶቹ መሀል ያያል። አንዲት ሴት ቀሪውን አካል ፍለጋ ሌላ ጆንያ ትፈታለች፤ ውስጡ ካሮት ነበር። ጋሹ የሚባል ፖሊስ ደርሶ አሚርን በክንዱ ያዘው። አሚር "ወላሂ እኔ አልቆረጥኩም! እኔ ረዳት ነኝ!" እያለ ይምላል። ጋሹ ጎንበስ ብሎ እግሩን በዱላው ጫፍ ነካ፤ ኳ አለ። ደግሞ ነካው። ሰው ሠራሽ መሆኑ ገባው። ግን እሱ "ፕላስቲክ ነው!" ሲል ከኋላ ያሉት "ፖሊሱ ደንግጦ ነው" ይላሉ።

በዚህ መሀል ባጃጇ ደረሰች። በሺር በክራንቹ ተደግፎ ወረደና "ተውት! እግሩ የኔ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ሕዝቡ ዞረ። አንዱ የተጠቀለለውን የሱሪ እግር አየና "ያ ረቢ! ዛሬ ነው እንዴ የቆረጡት?" አለ።

"ዛሬ ቢሆን እንዲህ ይጮህ ነበር?" አለው አጠገቡ ያለው።

ጋሹ እጁን አነሳ። "አባባ፣ በቀላሉ አልሰጥም። ይሄ ብርቅ ንብረት ነው። እግር የጎደለው ሁሉ እየመጣ የኔ ነው ቢልስ?"

"ኧረ እዚህ ስንት እግር የጎደለው አለ?" አለች ከሪማ። "እስቲ አሳየኝ!"

"እኔ አለሁ" አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ኢስሐቅ የሚባል የመናኸሪያው ሊስትሮ ነው። በክራንች ቆሟል፤ የቀኝ ሱሪው ባዶ ነው። "ኧረ የኔ ነው አላልኩም" አለ ሁሉም ሲያየው ደንግጦ። "አለሁ ነው ያልኩት። የኔ የጎደለው ቀኙ ነው።"

ጋሹ ጥቂት አሰበ። "እንግዲያው አባባ፣ ይልበሱትና ይራመዱ። ልክዎ ከሆነ ይውሰዱት።"

በሺር ዙሪያውን አየ። ሰው ግጥም ብሏል። ሚኒባስ ላይ የወጣም አለ። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽም አለ። የፈራው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ጠበቀው። አንድ የተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጠ፤ ከሪማ ፊቱ ተንበርክካ ካልሲውን ሳበችለት፣ እግሩን አለበሰችው፣ ማሰሪያውን አጠበቀች። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፦

"ከሪማ፣ ብወድቅስ?"

"መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነኝ" አለችው በሹክሹክታ። "እኔን ከቻልክ ሌላውን ትችላለህ።"

ተነሳ። ክራንቹን ለዊዳድ ሰጣት። የመጀመሪያውን እርምጃ የረገጠው ቲማቲም ላይ ነበር። እግሩ ተንሸራተተ፣ ወገቡ ተጣመመ፣ መናኸሪያው ሁሉ "ወይኔ!" አለ። በሺር ግን ሁለት እጁን እንደ አሞራ ዘርግቶ ቆመ። አልወደቀም። ቀና አለ፤ ከሰዎቹ ራስ በላይ ወደ ሐረጎ ተራራ አየ። ከዚያ ሄደ። ጋሹ ዘንድ ደረሰ።

"ይመለሱ ደግሞ፣ ልይ" አለ ጋሹ።

ተመለሰ። እልልታው ቀለጠ፤ "አላሁ አክበር!" የሚለውም ተቀላቀለበት። ጋሹ "ይበቃል፣ የእርስዎ ነው" አለ፤ በሺር ግን አልበቃውም። በሚኒባሶቹ መሀል ገባ፣ በትኬት ቤቱ ዞረ፣ ጠፍቶ በሌላ በኩል ብቅ አለ። ከኋላው የሚከተለው ሰው እየበዛ ሄደ።

"አንተ ሰው!" ጮኸች ከሪማ። "በቃ፣ አምነውሃል!"

ሲመለስ ጀዋሂርና አሚር ተያይዘዋል። ጆንያውን የወረወርከው አንተ ነህ፣ የጮህሽው አንቺ ነሽ፣ ቲማቲሙን ማን ይክፈል። በሺር መሀላቸው ገብቶ ቆመ፤ ቆሞ ማስታረቅ ምን ያህል እንደናፈቀው ፊቱ ላይ ይታያል። "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ጀመረና ከእሾሁ ተነስቶ ታሪኩን ሁሉ ተረከላቸው። የነፋሱ ጋ ሲደርስ ጀዋሂር እየሳቀች ነበር። ሳቋን ስትጨርስ፣ የተረገጠው ለወጥ ይሆናል፣ ግዙኝ አለች፤ የረገጠውም ያልረገጠውም እያነሳ ገዛት።

ሰዉ ሲበተን ኢስሐቅ ቀረበ። እግሩን ጎንበስ ብሎ እያየ ጠየቀ።

"አባባ፣ ይሄን የት ነው ያሠሩት?"

"ደሴ።"

"ደሴ? የትኛው ደሴ?"

"ስንት ደሴ አለ? ይቺው፣ ሐረጎን ወጣ ስትል።"

ኢስሐቅ ክራንቹን አስተካክሎ ተደገፈ። "እግሬን ያጣሁት ልጅ ሆኜ በመኪና ነው" አለ። "እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር። ለወታደር ብቻ ነው አሉኝ። በየቀኑ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ጫማ እጠርጋለሁ፤ የነገረኝ የለም።"

በሺር የኢስሐቅን ባዶ ሱሪ አየ። እሱን ከጋራ ላይ በሰው ትከሻ አውርደውታል። ይሄ ልጅ መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጦ፣ "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!" የሚለውን ጥሪ ዕድሜ ልኩን ሲሰማ ኖሯል። የሚገርመው የቱ ነው?

"ነገ ጠዋት እዚሁ ጠብቀኝ" አለው።

በማግስቱ አሚር ለሦስት ሰው ቦታ ያዘ፤ ለክራንችም ያለው ነገር የለም። ወንጌላዊት በሺር እግሩን እንደለበሰ በበሩ ሲገባ አይታ ፊቷ በራ። በሺርም አውልቆት እንደነበር አልነገራትም፤ ከሪማ ግን ነገረቻት። ኢስሐቅ ተለካ፣ ተመዘገበ። ጥሬ ዕቃ ስላለቀ ተራው እስኪደርስ መቆየቱ አይቀርም ተባለ። ኢስሐቅ እንደዚያ ሲባል ቅር አላለውም። ተራ እንዳለውም አያውቅ የነበረ ሰው ነው።

በሺር መንደሩ የገባው ከቢስቲማ እያረፈ፣ እየወጣ፣ ከግማሹ መንገድ ወዲያ ሙንዚርን ተደግፎ ነው። ሲደርስ አዲሱ እግር ልጦት ስለነበር ሦስት ቀን ተኛ። ተአምር አልሆነም። ጭቃ ሲሆን በትር ይይዛል፤ ዳገቱ ሲከፋ ይቀመጣል፤ የቀረችው እግር ስትከሳ ደግሞ ልኩን ለማስተካከል ደሴ መመለስ ይኖርበታል። ግን ይሄዳል። ሰው ፊት ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሪማ ቀድማ ስቃለች።

ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን ማሳው ዳር ቆመው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ኢስሐቅ ነው።

"አባ በሺር! ዛሬ ሰጡኝ! ቆሜ ነው የማወራዎት!"

"ቆመህ?"

"ያለ ክራንች! ወንጌላዊት ከኋላዬ አለች፣ ሰላም በልልኝ ብላለች!"

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ተራመድ!"

ኢስሐቅ ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። በስልኩ ውስጥ አንድ ኮቴ፣ ቀጥሎ ሌላ ኮቴ ተሰማ፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ቀስ ያለ። በሺር ትንፋሹን ውጦ አዳመጠና ከሪማም እንድትሰማ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋላት።